የአየናቸው ስፒከር
ሬዲዮ ጠጋኙ ውድነሽን ካገባ ሦስት ዓመቱ ነው። በቤቱ ውስጥ የሚጠላው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሟች ባሏ የአየናቸው ስፒከር፣ ማጉያው በሆዱ ያለ አሮጌ የእንጨት ሣጥን። ከሥራ ሲመለስ ሁልጊዜ እሱ አጠገብ ተቀምጣ ካሴት ስታዳምጥ ያገኛታል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህማ ሁለት ሦስቴ ቢጠራትም አትመልስለትም። «ሐሳቧ እሱ ጋ ነው» እያለ ይብከነከናል።

አንድ ጠዋት፣ «ስፒከሩ ድምፁ ጠፋ፤ እባክህ ሥራልኝ» አለችው። በልቡ ደስ አለው። ሳይሞክረው ተሸክሞ ወደ ሱቁ ሄደ።

ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። ገመዱንና ማጉያውን ፈተሸ፤ የተበላሸ ነገር የለም። ቢሰካው እንደ አዲስ ጮኸ። የላላ ሽቦ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ገጥሞ ይሆናል ብሎ አሰበ። ከዚያ መቁረጫውን አንስቶ አንዱ ሽቦ ላይ አሳረፈ። ትንሽ ቢጫነው አየናቸው ከቤቱ ይወጣል። ነገር ግን ጠዋት ስትሸኘው እንዴት ከፍቷት እንደነበር ትዝ አለውና መቁረጫውን መለሰ።

ቤት ገብቶ ስፒከሩን ቦታው ላይ አስቀመጠና ካሴት ከፈተ። ቅናቱ አልበረደለትም፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ጎረቤት አጥሩን ደበደበ።

ውድነሽ እጇን እያደራረቀች ከጓዳ ወጣች። ስፒከሩን አየችው፤ ከዚያ እሱን።

«አልሆነልህም እንዴ?» አለችው።