የካዚሚር ጣቶች

የተሰበረ ጣቱን አቅፎ የወጣውን ተጫዋች ተክታ ልትገባ ስትል ዋንዳ አጥሩ አጠገብ ቆመች። ቺካጎ ውስጥ በዱላ የተመታች ኳስ ለሚቀለብበት ለሶፍትቦል ጓንት የሚያጠልቅ የለም፤ ኳሷ ደግሞ ገና አዲስ ናት፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረች። ጨዋታውን ለሰፈሩ ያስጀመረው አባቷ ካዚሚር ከአጥሩ ጀርባ ቆሟል። ጣቶቹ እንደ ዛፍ ሥር ተጣመዋል፤ የሰፈሩ ሰው ጀግንነቱን የሚያወራው እነሱን እያየ ነው።

«አባዬ፣ ፈራሁ።»

«ፍሪ። ዓይንሽን ብቻ እንዳትጨፍኚ።»

«አንተ ምን አለብህ! ፈርተህ አታውቅም!»

ጣቶቹን በአጥሩ ሽቦ መሃል አሾለካቸው። «ታዲያ እነዚህ በምን የተሰበሩ መሰለሽ? ኳሷ ስትመጣ ሁሌ እጨፍን ነበር።»

ዋንዳ ሜዳ ገብታ ገና ቦታዋን ሳትይዝ ኳሷ በዱላ ተመትታ ሰማይ ወጣች። «የካዚሚር ልጅ፣ ሽሺ ይሻልሻል!» አሉ ተጋጣሚዎቿ እየሳቁ። ኳሷ እየገዘፈች፣ ፀሐይዋን እየጋረደች ወረደች። ዋንዳ አፏ ደረቀ፣ እንባዋ መጣ፤ ዓይኗን ግን አልከደነችም። እጇ እስከ ትከሻዋ ነደደ። ኳሷ መዳፎቿ መሃል ነበረች።

ሜዳው ወለል ብሎ ከሚታይበት ከአጥሩ ጀርባ፣ የአባቷ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ መጣ።

«ልጄ… ያዝሻት?»