ለምድር ቤቱ የተመረጠ ሴራሚክ

ሠርክአዲስ ሁለት ሴራሚክ ይዛ ሱቁ ውስጥ ቆመች፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡናማ። የእናቷ አርባ ገና አልወጣም። ከቡሬ ገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም ያመጣቻቸው አባቷ ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ፣ ምድር ቤቱን ልታሰናዳላቸው ነበር። የቱን እንደምትመርጥ አላወቀችም፤ ሁለቱም አንድ ሆኑባት።

“ለምድር ቤት የቱ ይሻላል፣ አባዬ?”

አባቷ ቡናማውን ተቀብለው በመዳፋቸው ቀስ ብለው አበሱት። “ውኃ ያስገባል?” ሲሉ ሻጩን ጠየቁት።

“ጠብታ አያስገባም፣ አባባ። ከሥሩ ፕላስቲክ ካነጠፉበት እርጥበትም አይወጣም።”

“ተሥር የሚወጣውን ተወው። ተላይ የሚወርደውን ነው የምልህ።”

“ከላይማ ሳሎኑ አለ፤ ምን ይወርዳል?” አለች ሠርክአዲስ።

ሻጩ ስንት ካሬ እንደሚፈልጉ ጠየቀ። “አሥራ ሁለት” ልትል አፏን ስትከፍት፣ አባቷ ጎንበስ ብለው ዱላቸውን ወለሉ ላይ አጋደሙት። ከጫፉ ቀጥለው አንድ ስንዝር ለኩ።

“አንድ ዱላ ተስንዝር ይበቃታል” አሉ። “ክረምቱ ገባኮ። አፈሩ ገና አልጠናም፤ እሷ ደግሞ ብርድ አትችልም።”

ሠርክአዲስ የተጋደመውን ዱላ አየችው። ከስንዝሩ ጋር የእናቷን ቁመት ያህል ነበር። እንባ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ነጩን ሴራሚክ ወደ ቦታው መለሰችው።

“ቡናማውን አድርግልን” አለችው ሻጩን። “ለሁለቱም ምድር ቤት።”