ኦራሏ

ባሏ አሮጌውን የጦር ሠራዊት ኦራል ከጨረታ ገዝቶ ግቢያቸው ውስጥ ካቆመ ወዲህ፣ ቅዳሜና እሑዱ ሁሉ የመኪናው ሆነ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ዝገቱን ሲፍቅ፣ ሞተሩን ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። ጓደኞቹ «ኦራሉ» ሲሉ እርሱ ግን «እሷ» ይላል።

ያንን የድምፁን ልስላሴ ታውቀዋለች። ከአደጋው በፊት፣ የጭነት መኪና ሾፌር ሳለች፣ ከጎኗ ተቀምጦ አገር ለአገር ሲዞሩ በዚያ ድምፅ የሚያዋራው እሷን ነበር። አሁን ምሳ ይዛላቸው እያነከሰች ስትቀርብ ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ።

ዛሬ ሳያዩዋት ከመኪናው ጀርባ ቆማ አዳመጠች።

«ጉልበቷን አልጠራጠርም» ይላል ባሏ ከጋቢናው ውስጥ፤ «የሚያሳስበኝ ግራ እግሯ ነው።»

«አራት ጣት ጨምረንላት የለ? ይበቃታል» አለው ጓደኛው ዘውገ።

«እንዳይቆረቁራት ጎማ አልብሼዋለሁ።»

ዘውገ ሳቀ። «እንዲህ ስትንሰፈሰፍ እመቤቲቱ ብትሰማህ ጉድህ ነበር።»

ፊቷ ጋለ። ለዚህ ብረት የሚሳሳውን ያህል ለእሷ ሳስቶ አያውቅም።

እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ የምሳውን ሰሃን መሬት አስቀምጣ እንደምንም ወደ ጋቢናው ወጣች፤ እጇ የገባላትን ሽቦ ሁሉ በጥሳ ልትወርድ ነበር። በሾፌሩ ወንበር ተቀምጣ ጎንበስ አለች። ከሦስቱ ፔዳሎች በግራ እግር በሚረገጠው በፍሪሲዮኑ ላይ ብቻ አራት ጣት የሚወፍር ጣውላ፣ ጎማ ለብሶ፣ በብሎን ታስሯል።

ከአደጋው ወዲህ ያጠረውን ግራ እግሯን ቀስ ብላ ዘረጋች።

ደረሰ።