ጎመኑ ላይ የነበሩት

አጎቴ መሸሻ የመጀመሪያውን ጎመን ከነሥሩ መንግሎ ወደ አጥሩ ሲወረውረው፣ ሁለት አረንጓዴ ትሎች ከቅጠሉ ሲረግፉ አያለሁ። እሱ ልብ አላላቸውም። አያቴም አያዩም።

አባባ ኪሩ ሽሮ ሜዳ አርባ ዓመት ሸማ ሲሠሩ ኖረው ዓይናቸው ደክሟል። የጓሮውን ጎመን የሚያውቁት በእጃቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ቅጠሉን እያገላበጥኩ የምመለከትላቸው እኔ ነኝ። "ሶሊያና፣ ትል አለው እንዴ?" ይሉኛል። "የለውም አባባ" እላለሁ።

ነበረው። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ነበረው። ከቅጠሉ ሥር እንደ ቢጫ ጤፍ ተደርድሮ ያገኘሁት እንቁላል ሲፈለፈል አይቻለሁ። ትሎቹ ቆዳቸውን ሲያወልቁ፣ ሲበሉ ደግሞ ጭንቅላታቸውን ከላይ ወደ ታች ሲነቀንቁ አይቻለሁ። ብናገር አባባ አመድ ይነሰንሱባቸዋል። ስለዚህ ደበቅኳቸው። ከጎረቤት ጓሮም ሌሎች ትሎች እየለቀምኩ ጨመርኩባቸው።

"መሬቱ አርጅቷል" ይላሉ አሁን አባባ፣ አንድ ቅጠል እየዳበሱ። ወንፊት ሆኗል። ቅጠሉን ለቀው፣ "መሬቱስ ምን አደረገ። እጄ ነው። እጄም እንደ ዓይኔ ከዳኝ።"

"በቃ አባዬ፣ ሲሚንቶ እናፈስበትና ልብስ ማስጫ ይሆናል" ይላል መሸሻ። ሁለተኛውን ይመነግላል።

አባባ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ይከታሉ፤ እንዳፈረ ሰው።

"ትል አለው" እላለሁ።

"ምን አልሽ?"

"ትል አለው አባባ። ድሮም ነበረው። እንዳይሞቱብኝ ብዬ ነው የዋሸሁት..."

መሸሻ ቀና ይላል። አባባ ወደ እኔ አይዞሩም፤ ወደ እሱ ነው የሚዞሩት።

"እውነቷን ነው? እስኪ አንተ እየው።"

አጎቴ ጎንበስ ብሎ ቅጠል ይገለብጣል። "ኧረ አባዬ፣ ትል ወርሮታል!"

ይቆጡኛል ብዬ እጠብቃለሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "እንግዲያው የቀረውን አትንቀለው" ይሉታል፣ በቃ። ከዚያ ወደ ቤት ለመግባት ይነሳሉ።

ደረጃው ጋ ስንደርስ እንደ ሁልጊዜው እጄን እዘረጋላቸዋለሁ። "አባባ፣ እዚህ ጋ ነኝ።"

ሰምተውኛል። ግድግዳውን እየዳበሱ፣ በእግራቸው ጫፍ ድንጋዩን እየፈለጉ፣ ብቻቸውን ይወጣሉ።