አርባ ሰከንድ

ሙራድ «ጫማው የጠፋው ሙሽራ» የሚለውን ቪዲዮ ሰርዞ ወደ ቀጣዩ ሊያልፍ ሲል አስካለች ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች።

ከጠዋት ጀምሮ ሲሰርዝ ነው የዋለው። ኢንተርኔት ቤቱ ሲከፈት ታላቅ ወንድሙ ፉአድ በራሱ ስልክ ቁጥር አንድ የፋይል ማስቀመጫ አካውንት ኢንተርኔት ላይ ከፍቶ ነበር። ለየሰዉ ልክፈት ቢል ለእያንዳንዱ የማረጋገጫ ቁጥር ሊጠብቅ ነው፤ የሆሳዕና ኔትወርክ ደግሞ ካልተለመነ አይመጣም። «ሁላችሁም እዚህ ግቡ» አለ። የከተማው ዲግሪ፣ የሰርግ ቪዲዮና የዲቪ ፎቶ አንድ ጣሪያ ሥር ገባ፤ የይለፍ ቃሉንም የመናኸሪያው ሰፈር ግማሹ አወቀው። አሁን ሊሞላ ጥቂት ቀረው፤ ቪዲዮ አልቀበልም ካለ ሳምንቱ። ሙራድ «የራሳችሁን ውሰዱ» ብሎ በር ላይ ከለጠፈ ግን ሁለት ሳምንት አልፎታል።

«የአባቴን ድምፅ ልወስድ ነው» አለች አስካለች። «ከዶዮገና ይዤው መጥቼ ፉአድ ነው የቀዳልኝ። በ2005፣ ዘሩን ሲቆጥር።»

«በማን ስም ነው እትዬ?»

«በማን ይሆናል? ጠና ነዋ፣ የአባቴ ስም።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ቅዳሜ የልጄ የኤሊያስ ሽማግሌዎች ይሄዳሉ። የልጅቷ ቤተሰብ እስከ ሰባት ቤት ካልተቆጠረ አንሰጥም ብለዋል። አባቴ አምና አረፈ። ወንድሞቼ ደግሞ አራተኛው አያት ላይ ሲደርሱ ይጣላሉ።»

ሙራድ «ጠና» ብሎ ፈለገ። የለም። ፉአድ መቼ በሰው ስም አስቀምጦ ያውቃል! ያየውን ነበር የሚጽፈው፦ «ባለ ቀይ ኮቱ»፣ «ፍንጭቷ»፣ «ብድር የማይመልስ»። ያኔ ሙራድ ጠዋት ያየው አንድ ስም ትዝ አለው። «ሳል ያስቸገራቸው» ይላል። የድምፅ ፋይል ነው፣ ረጅም። ባለቤት የለውም ብሎ ሰርዞታል።

«እትዬ… ሳላውቅ ሰርዤዋለሁ።»

አስካለች አልጮኸችም። «ሙራድ፣ ሰው የሰው አባት ይሰርዛል?»

ሙራድ የተሰረዙት የሚጠራቀሙበትን ቦታ ከፈተ፤ ማታ ጠቅልሎ ሊያጠፋው ነበር ሐሳቡ። ወደ ታች ወረደ። ሙሽራው፣ ፍንጭቷ፣ የአንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ… «ሳል ያስቸገራቸው»። መለሰውና ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተው።

መጀመሪያ የተሰማው ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብ ነው። ወንበር ተንቋቋ። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ።

«ሙራድ፣ በሩን ዝጋው እንጂ፣ ዝናቡ ሽማግሌውን ዋጠብን።»

«አንተ ዝጋው! ሎሌህ ነኝ?»

«እሺ፣ እኔ ስሄድ ማን ሊዘጋልህ ነው?»

የፉአድ ድምፅ ነው፤ «ሎሌህ ነኝ?» የሚለው ደግሞ ሙራድ ራሱ። ፉአድ የዚያን ዓመት ክረምት እንደወጣ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ከማላዊ አንዴ ደወለ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ወሬው የለም። ፎቶዎቹ ሁሉ ያሉበትን ስልክ ይዞት ነው የሄደው። የከተማውን ሰው ሁሉ ሲያስቀምጥ ኖሮ ለቤቱ ግን ምንም አላስቀመጠም፤ ሙራድም ይህን ድምፅ እየረሳው መሆኑን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ሽማግሌውን ሁለቴ አሳላቸውና ቆጠራውን ጀመሩ። አስካለች በጣቷ ተከተለቻቸው። አራተኛው ላይ ፈገግ አለች፤ ሰባተኛው ላይ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አባቷ አላቆሙም፣ አሥራ አንድ አደረሱት።

«አላህ ይስጥህ» አለች፣ ክርስቲያን ብትሆንም ለእሱ ብላ። «ብቻ ሽማግሌ ፊት የሚሰማ ነው። ያንን የፊት የፊቱን ጫጫታ ቁረጥልኝ።»

«እቆርጠዋለሁ።»

አርባ ሰከንድ ነበር። ቆረጠውና የቀረውን በፍላሽ ሰጣት። ፍላሹን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች፤ አያቶቿን ሁሉ ይዛ፣ በሩን እንደተከፈተ ትታው ወደ ዝናቡ ወጣች።

የተቆረጠው ስክሪኑ ላይ ቀርቷል። ስም ስጠኝ ይላል። ሙራድ «ፉአድ» ብሎ ጻፈ፤ አጠፋው። ወንድሙ ቢሆን እንዲህ አይጽፍም ነበር። «በሩን ዝጋው» ብሎ ጻፈና ወደዚያው የከተማ ጎተራ፣ ወደ ፉአድ አካውንት ላከው። ትንሽ ስለሆነ ገባ።

ውጭ ዝናቡ ጠንክሯል፤ ቆርቆሮው ይጮሃል። ሙራድ ተነስቶ በሩን ዘጋው።