የተቆራረጠ ወተት

ሀያት የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ከአቶ አድማሴ ክንድ ላይ ፈታችና ፊቷ በራ። "አልሐምዱሊላህ! ወርዷል ጋሼ። ጎረምሳ ሆነዋል እኮ!"

ሽማግሌው መደቡ ላይ እንደተቀመጡ አማተቡ። በገና ሰሞን እዚሁ ደጃፍ ላይ ወድቀው፣ አፋቸው ተጣሞ፣ ደሴ ድረስ በአምቡላንስ ተወስደው ነበር። ሐኪሙም "ግፊቱ ካልወረደ ሁለተኛው መውደቅ አይምራቸውም" ብሏል። የታዘዘላቸውን ክኒን ግን ብዙም ሳይቆዩ ተዉት። ያስለኛል፣ ጸሎቴን ያቋርጠኛል አሉ። እሳቸው አንዴ ካሉ አሉ ነው፤ የቀበሌዋ የጤና ባለሙያ ሀያት ብትለምን ብትማጠን አልሰሟትም።

"ጾሙ ነው" አሉ አሁን፣ ትናንት በሆሳዕና ጣታቸው ላይ ያሰሩትን ዘንባባ እያሻሹ። "ጾሙና የወንድዬ ጠበል።" አጠገባቸው የተቀመጠውን ታናሽ ልጃቸውን፣ ቄስ ወንድዬን፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "ልጅ ማለት እንዲህ ነው፤ ላባቱ የሚደርስ!"

ታላቅየው ይሄነው በሩ አጠገብ ቆሞ ሰማ። መካነ ሰላም ከተማ የምግብ ሳይንስ ያስተምራል። አባቱ ማታ ማታ በውሃ በጥብጠው የሚጠጡትን ዱቄት ያዘጋጀው እሱ ነው፤ ስንት ሌሊት ላቦራቶሪ ውስጥ ተቆልፎበት። አባቱ እስከ ዛሬ ስለ ዱቄቱ ያሉት ነገር ቢኖር "እሬት ነው!" ብቻ ነው።

ዝም ቢል ምን ነበረበት? ሰውየው ድነዋል፤ ምስጋናው የፈለገው ጋ ይሂድ። ግን ቅናት አላስቀምጥ አለው።

"ጾሙም ጠበሉም አይደለም" አለ። "እኔ የሰጠሁዎት ዱቄት ነው።"

"ይሁን፤ እሱም ይጨመር" አሉ አቶ አድማሴ ደስታቸው ሳይጎድል። "ለመሆኑ የምን ሥር ነው?"

"ሥር አይደለም። ወተት ነው።"

ሀያት አፏን በእጇ ያዘች። ሽማግሌው ግን ሳቅ አሉ። "ሂድ ወዲያ! ወተት እንዲህ አይመርም።"

"ተቆራርጦ ነው የመረረው" አለ ይሄነው፤ አንዴ ከጀመረ ማቆም አቃተው። "ከወተቱ አይብ የሚሆነውን እለያለሁ። ኢንዛይም የሚባል ነገር እጨምርበታለሁ፤ እንደ መቀስ ይቆራርጠዋል። ቁርጥራጩ ይመራል፣ ግን የደም ሥር ያላላል። ከዚያ በኋላ እኮ ወተት አይባልም፣ አባዬ።"

"በግ ሲቆራረጥ ጎመን ይሆናል?"

አቶ አድማሴ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከቅበላ ማግስት።"

"እያወቅህ?"

"ለጤናዎ ብዬ ነው።" የተማረ ልጅ አባቱን ሲያታልል ሁልጊዜ ለጤናቸው ብሎ ነው።

አቶ አድማሴ ቀስ ብለው ወደ ወንድዬ ዞሩ። "ትናንት ቆርቤያለሁ" አሉት። ቄሱ አንገቱን ደፋ፤ ያቆረባቸው እሱ ራሱ ነው።

"ፍታኝ፣ ልጄ።"

"ሕማማት ገብቷል፣ አባዬ" አለ ወንድዬ ድምፁ እየተቆራረጠ። "እስከ ትንሣኤ የሚፈታ ቄስ የለም።"

ይሄነው ተንበርክኮ የአባቱን እግር ሊስም አጎነበሰ። እግራቸውን ሰበሰቡ። "በገና ወድቄ በቀረሁ" አሉ፣ እሱን ሳያዩ። "ያኔ እንኳ ንጹሕ ነበርሁ።"

ደረታቸው ቶሎ ቶሎ ይነሣ ጀመር፤ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተወጠረ። ሀያት ቦርሳዋን በረበረችና አንዲት ክኒን መዳፋቸው ላይ አኖረች። "ይቺኛዋ አታስልም ጋሼ። አብሽሩ! ለመፈታትም እኮ ትንሣኤን በሕይወት ማየት አለብዎ።"

ይህ ነገር ገባቸው። በሕይወት የመቆየት ፍላጎት ፊታቸው ላይ ሲመለስ ሁሉም አየው። ክኒኗን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ ከዚያ እጃቸው ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ይሄነውን ዓይን ዓይኑን አዩት።

"ይቺስ? ወተት አለባት?"

ይሄነው ያውቃል። መድኃኒቱ ቅንጣት ስለሆነ ክኒኗን የሚሞላት ሌላ ዱቄት ነው፤ ያም ከወተት የወጣ ስኳር ነው። ጾሙን ሙሉ ሲዋሽ ምላሱ አልተደናቀፈም ነበር። አሁን አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው።

"የለባትም" አለ።

ግን ዘገየ። አባቱ መልሱን ከቃሉ በፊት ፊቱ ላይ አንብበውታል።

ክኒኗን መልሰው ሀያት መዳፍ ላይ አኖሩ። ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጥፈው ጨበጡላት።

"እደጊ፣ ልጄ" አሏት።