ከወሰኑ ማዶ

ሰፈሯ ከምርጫ ክልሉ ተቆርጦ ወጣ። የእናቷን የቪዛ ጉዳይ የያዘላት የፓርላማ አባል ከእንግዲህ እንደራሴዋ አይደለም።

«ማመልከቻሽን ለአዲሱ ውሰጂለት፣ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ይፍሩ፣ የሰውየው የሜልበርን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ። «ወሰን የሚያሰምረው የምርጫ ኮሚሽኑ ነው፤ እኛ እጃችን የለበትም።»

«እጃችሁማ አለበት፣ ጋሼ! ‹ወሰኑ እንዲህ ይሁን› ብላችሁ ለኮሚሽኑ የላካችሁት ካርታ ድረ ገጹ ላይ ወጥቷል።»

ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ይቆረጡ የተባሉትን መንገዶች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ባለፈው ምርጫ ለሰውየው በር ለበር ስትቀሰቅስ «አይመርጡንም» ብላ በሐቀኝነት ለጋሽ ይፍሩ ያስመዘገበቻቸው ናቸው።

ጋሽ ይፍሩ አቀረቀሩ። «ያንቺ ቤት እነሱ መሀል ላይ ሆነብን።»

የቅስቀሳ ቲሸርቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ካርታው ላይ ጥላ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።